ሁለት መጨረሻ ያለው መጽሐፍ

«የእኔ ሁለት መጨረሻ አለው፤ የእሷ ግን ምንም የለውም።»

ሰውዬው ይህን ማለቱን መጽሐፍ ጠራዧ አትጠራጠርም። ከዚያ በኋላ የተባለውን ግን ሠላሳ አራት ዓመት ስታገላብጠው ኖራ፣ የቱ በጆሮዋ የገባ፣ የቱ ከራሷ የተቀጠለ እንደሆነ መለየት ተስኗታል። አባቷ «ስህተቱ የቤቴ ነው፤ መጽሐፉን ትተኸው ሂድ፣ ይስተካከላል» ያሉ ይመስላታል። ሰውዬው «በመጽሐፉ ብቻ አይደለም የመጣሁት፤ እሷን ላናግራት» ብሎ ይሆናል፤ ወይም ይህቺን ቃል በኋላ ያጎረሰችው እሷው ናት። ከዚያ የመጽሐፍ መጭመቂያው እንጨት ሲጥ አለ፤ አባቷ ነገር ሲከብዳቸው እጃቸውን ሥራ ያስይዙት ነበርና። የመጨረሻዋን ግን እንደ ትናንት ታስታውሳታለች። «እንግዲያው መጨረሻው እኔ ጋ አለ ይበሏት። በፈለገች ቀን ትምጣና ትስማው።»

በሩ ተዘጋ።

ያኔ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከጣውላው ግድግዳ ጀርባ መርፌና ክር እንደያዘች ትንፋሿን ውጣ ስታዳምጥ ነበር። ብቅ ብላ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረባት። ምላሷ ተሳሰረ፤ አልወጣችም።

ሰውዬው ቀያሽ ነበር፤ ሥራው መሬት መለካት፣ ልቡ ደግሞ ታላቅ እህቷ ዘንድ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ገና ያልተጠረዘ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ በክንዱ ታቅፎ መጥቶ «አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሷ» ብሎ ለአባቷ ሰጥቷቸው ነበር። ድርሰቱ የዚያ የታወቀ የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ አንካሳ መርማሪውን ከተማው ሁሉ እንደ ጎረቤቱ የሚያውቅለት። ይህ መጽሐፍ ግን ለብቻው ነው። ጸሐፊው በወጣትነቱ ለሳምንታዊ ጋዜጣ የጻፋቸው፣ መርማሪው ድርሽ የማይልባቸው አጫጭር ታሪኮች የተሰበሰቡበት። ሰው ብዙም አልገዛው። ቀያሹና እህቷ ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው እየጨረሰ ያወሩለት ነበር።

በአባቷ ቤት ሁለት ነገር ክልክል ነው። አንድ ዓይነት ሁለት መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይሰፋም። የምትሰፋዋም እያንዳንዱ እጥፋት ግርጌ ላይ ካለችው ቁጥር በቀር ሌላ አታይም። እጥፋት የሚሉት ታጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ የሚሆነውን ወረቀት ነው፤ መጽሐፍ የሚባለው ነገር እጥፋት በእጥፋት ላይ ተደርቦ የተሰፋ ነው። ያን ቀን ሁለቱንም ጣሰች። የመጨረሻው ታሪክ ያዛት። መርፌዋን እጅጌዋ ላይ ሰክታ፣ ከእህቷ ክምር የመጨረሻዋን እጥፋት አንስታ እስከ ማብቂያዋ አነበበቻት። የአባቷን ኮቴ ስትሰማ ደንግጣ መለሰቻት፤ ወደ ቀያሹ ክምር። ቁጥር ሳታይ ሰፋች።

ቀያሹ ከሄደ በኋላ አባቷ ወደ ግድግዳው ጀርባ ዘለቁ። እጇ ላይ ያለውን መርፌ አዩ፣ ፊቷን አዩ። «የሰማሽው ነገር የለም» አሏት። ጥያቄ አልነበረም። ምሕረት መሰላት፤ ስህተቷን የሸፈኑላት። ትእዛዝ መሆኑ የገባት ቆይቶ ነው፤ እህቷ መስኮት ሥር መቀመጥ ስትጀምር። ቀያሹ በዚያው ሳምንት ለሥራ ሩቅ ተላከ። እህቷም «ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ» ብላ ቀረች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ አባትየው ለምን እንዳላገናኟቸው ጠራዧ ከዚህ ሌላ ምክንያት አታውቅም።

ለእህቷም ያኔውኑ «የመጨረሻው እጥፋት ከማተሚያ ቤቱ ሳይላክ የቀረ ነው» አለቻት። አንዲት ውሸት ናት። አንዳንድ ሰው በቀን አሥር ይዋሻል። እሷ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ጸሎቷ መሃል ስትደርስ በዚህች በአንዷ ስትደናቀፍ ኖራለች።

አባትየው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቁ ምድር ላይ ነው፣ እህትማማቾቹ ከላይ ይኖራሉ። ታላቅየዋ ስድሳን አልፋለች፤ ዓይኗ ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊደል አይለይም። ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ አልወረደችውም። ታናሿን ስትፈልግ በከዘራዋ ወለሉን ሁለቴ ትደቃለች፤ ታችኛዋም ወረቀት በምታጥፍበት አጥንት የደረጃውን እንጨት አንዴ መትታ ትመልሳለች። መጣሁ ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ጠራዧ ሱቁን ትዘጋለች፣ ሙጫውን ከእጇ ታጥባለች፣ ሻይ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ያነባሉ። ሌላ መጽሐፍ ሞክረዋል፤ ዞረው ዞረው የሚመለሱት ግን ወደዚያው ወደ ትንሹ፣ የጨርቅ ሽፋኑ ጫፉ ወደተበላ፣ መጨረሻ ወደሌለው መጽሐፍ ነው።

«አንካሳው ያለበትን አልወድም» ትላለች ታላቅየዋ። «መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ ያስረዳል። እኔን በዕድሜዬ ሙሉ ሰብስቦ ያስረዳኝ ሰው የለም። እነዚህ ይሻላሉ፤ ከነፍርሃትሽ ይተዉሻል።»

ግምቷ ደግሞ ለብቻው ጨዋታ ነው።

«ገዳዩ አትክልተኛው ነው።»

«እታለም፣ አትክልተኛ እኮ የለበትም።»

«ለዚህ ነዋ የጠረጠርኩት። ያን የሚያህል ጽጌረዳ ያለው ግቢ አትክልተኛው የት ገባ?»

ጠራዧ ትስቃለች፤ አሥር ገጽ ቆይቶ አትክልተኛው ከጉድጓድ ውኃው አጠገብ ብቅ ይላል፣ መቀሱን ይዞ። ታላቅየዋ ያን ጊዜ ሻይዋን ፉት ብላ ስኒውን እንደ ዳኛ መዶሻ ታስቀምጠዋለች። ታሪኩን ከዚህ በፊት ስድስቴ ሰምታዋለች። ቢሆንም እንደ አዲስ ትጠረጥራለች፣ እንደ አዲስም ትደሰታለች።

በንባቡ መሃል፣ ፀሐይ ከሱቁ መስኮት ስታፈገፍግ፣ ታች ያለው መጭመቂያ ይጮኻል። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጠራዧ ታውቃለች። ድምፁ ግን አባቷ ሊናገሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉትን ይመስላል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ከዚያ ዝምታ። 

«አባባ መጡ» ትላለች ታላቅየዋ። «አረፍ ይበሉ አባባ፤ ገና መጀመራችን ነው።»

እንደ ቀልድ ነው። ግን ጠራዧ ዓይኗ ከገጹ ላይ ተነስቶ ወደ ደረጃው ሳይሄድ የቀረበት ቀን የለም። የሰማሽው ነገር የለም።

ከመጨረሻው ታሪክ ግን ትሸሻለች። ሲደርሱ ጉሮሮዋ ይደርቃል፣ ወይም ደንበኛ ትዝ ይላታል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ቤት አከራይ ሴት፣ ተከራይዋ ሳይሰናበታት ጠፍቶ፣ ክፍሉን ቆልፋ ትኖራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመሽ ሲመሽ ከዚያ ከባዶው ክፍል ማንኳኳት ይሰማል፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። አናጢው የእንጨት ነው ይላታል። ሐኪሙ የጆሮሽ ነው ይላታል። ጎረቤቷ ቤት ቀይሪ ትላታለች። ሴትዮዋ በየማታው ደረጃውን ወጥታ፣ ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ቆማ፣ ቁልፉን ጨብጣ ትመለሳለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ትቆርጣለች። «ቁልፉን አዞረች። በሩም» ይላል፤ ከዚያ ካርቶኑ ነው። የመጽሐፉ ሽፋን።

ታላቅየዋ ለዚህች ታሪክ ከሃያ በላይ መጨረሻ ሠርታላታለች። ተከራዩ ውስጥ ሞቶ ነበር። አልሞተም፣ ግድግዳ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ራሷ ናት የሞተችው። «አንቺስ ምን ይመስልሻል፣ ሚጢጢ?» ትላታለች፤ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላትን፣ ወገቧ የጎበጠውን ታናሽ እህቷን እስከ ዛሬ ሚጢጢ ነው የምትላት። ሚጢጢም «እኔ ምን አውቄ» ትላለች።

ታውቃለች። በሩ ሲከፈት ክፍሉ ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ አንድ ኮቴ የለም። ሴትዮዋ መሃሉ ላይ ቆማ ሳለ ማንኳኳቱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ትሰማለች። ከታች፣ ከመንገዱ በር። ድምፁ በጭስ መውጫው በኩል ወጥቶ ነው በዚህ ክፍል ሲያስተጋባ የኖረው። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው የመንገዱን በር እያንኳኳ፣ እየጠበቀ፣ ይመለስ ነበር። እሷ በተንኳኳ ቁጥር ወደ ላይ ትወጣለች እንጂ አንድ ቀን ወደ ታች አልወረደችም።

ይህን ለእህቷ በየትኛው አፏ ታንብብላት።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ወጣት ሴት ሱቁ ገባች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጀርባው ተገንጥሎ ነው፣ እትዬ። የአጎቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፣ እግሩ እንቢ ብሎት። በዚህ በኩል ሳልፍ ምልክታችሁን አይቼ ብነግረው፣ ቤቱ እስከ ዛሬ መኖሩን አላምን አለ። ሌላ ጠራዥ እንዳይነካው ብሏል።»

ጠራዧ ጋዜጣውን ፈትታ ሳትጨርስ አወቀችው። የራሷን ስፌት ጥለት ከማንም ስፌት ትለየዋለች። 

«ደግሞ አንድ ነገር አደራ ብሏል» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «መጨረሻው ሁለት ጊዜ ነው ያለው፤ ስህተት ነው ብላችሁ እንዳታወጡት። አጎቴ እንዲህ ነው፣ ይቅር በሉት። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። በታክሲ አመጣዋለሁ።»

«ባለቤታቸውስ?» ብላ ጠየቀች ጠራዧ፤ ለምን እንደጠየቀች ሳታውቅ።

«ካረፉ ስድስት ዓመታቸው።»

ልጅቷ ስትሄድ መጽሐፉን ከመስኮቱ ብርሃን ሥር ዘረጋችው። ወረቀት ለጠራዥ ምስክር ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ ጠርዙ በአውራ ጣት ወዝ ጠቁሯል፣ ማዕዘኖቹ ተጣጥፈዋል፤ ሰውዬው ደጋግሞ አንብቦታል። ተከታዩ፣ ቃል በቃል ያው የሆነው፣ ከማተሚያ ቤቱ እንደ ወጣ ነው። አንድ ጣት አላረፈበትም። ገጾቹ እርስ በርስ ሳይላቀቁ ተኝተዋል። ሠላሳ አራት ዓመት መጽሐፉን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እዚህ ሲደርስ እጁን ሰብስቧል። የእሷ ነው ብሎ።



ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት ስፌት መበጠስ፣ እጥፋቷን ማውጣት፣ እህቷ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት። «ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አገኘሁት» ማለት። ማንም አያውቅም፤ አባቷም ቢሆኑ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ወስፌዋን አነሳች። መልሳ አስቀመጠች። ረቡዕም አነሳች፣ ረቡዕም አስቀመጠች።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ የቀያሹን መጽሐፍ ከእህቷ መጽሐፍ ሥር ደብቃ ወጣች። ሳትጠየቅ የመጨረሻውን ታሪክ ከፈተች።

«ምነው ዛሬ?» አለች ታላቅየዋ። «ጉሮሮሽ ተሻለው?»

አነበበች። አናጢው መጣ፣ ሐኪሙ መጣ።  «ቁልፉን አዞረች። በሩም» ብላ፣ እጇ ወደ ሌላኛው መጽሐፍ ሲዘረጋ፣ ታች መጭመቂያው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ መጡ» አለች ታላቅየዋ።

ጠራዧ እጇን ሰበሰበች። ጌታ ሆይ፣ ምላሴን ፍታልኝ አለች በልቧ፤ ይህቺን ጸሎት ስታደርስ ምናልባት ሺህኛዋ ነው። ከዚያ ራሷን ስትናገር ሰማች።

«እታለም። ቀያሹ ያኔ መጥቶ ነበር።»

እህቷ ስኒውን እንደያዘች ቀረች።

ሁሉንም ነገረቻት። እጥፋቷን፣ ቁጥሩን አለማየቷን፣ ከጣውላው ጀርባ መቀመጧን። ሁለት መጨረሻ ማለቱን። በፈለገች ቀን ትምጣና ትስማው ማለቱን። አሁን እግሩ እንቢ ብሎት መጽሐፉን ለጥገና መላኩን፣ ቅዳሜም ራሱ ሊወስደው እንደሚመጣ። የአባቷን ቃል ስትናገር ወደ ደረጃው ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

 ታላቅየዋ የጠየቀችው ግን ጠራዧ ያልጠበቀችውን ነው።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«አላየሁትም። ድምፁን ብቻ ነው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«እንዲህ አሥር ሰዓት ግድም።»

«ሰምቻለሁ» አለች ታላቅየዋ፣ ለራሷ እንደምትናገር። «ማንኳኳቱን ሰምቻለሁ እኮ። እዚህ ነበርኩ። ደንበኛ መስሎኝ። እኔ እሱን በኋለኛው መንገድ ነበር የምጠብቀው፤ ሁልጊዜ በዚያ ነበር የሚመጣው። መስኮቱ ጋ ቆሜ ያንን መንገድ አያለሁ።» ስኒውን አስቀመጠች፤ ጠረጴዛውን ስታ ጫፉ ላይ ነበር፣ ጠራዧ ያዘችላት። «ሂጂ አሁን፣ ሚጢጢ። ሻዩን ውሰጂው።»

ሐሙስ ከዘራው ወለሉን አልመታም። ጠራዧ ምግብ አደረሰች፤ እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ነበር። አሥር ሰዓት ሆነ፣ መጭመቂያው ጮኸ፣ ከላይ ማንም «አባባ መጡ» አላለም። ያ ዝምታ ከድምፁ ይልቅ አስፈራት። የአባቷን አሮጌ ሽርጥ ከሚስማሩ አወረደች፣ አጣጥፋ መሳቢያ ከተተችው፣ ምን እየሠራሁ ነው ብላ መልሳ ሰቀለችው። በቀያሹ መጽሐፍ ጀርባ ላይ አዲስ ጨርቅ ለጠፈች፤ ስፌቱን ግን አንድም ክር አልነካችም።

ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ከዘራው ሁለቴ ደቃ።

ጠራዧ ማጠፊያ አጥንቷን አንስታ መልሱን መታች። ሻይ ማፍላት እንኳ ሳታስታውስ ወጣች። እህቷ ወንበሯን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ደረጃው አዙራ ተቀምጣለች።

«አልተቆጣሁም አልልሽም» አለች። «ተቆጥቻለሁ። ግን ቁጣዬን ለማን ልስጠው? አንዱ መቃብር ውስጥ ናቸው፣ ሌላዋ ሻይ የምታፈላልኝ ነሽ። ለነገሩ ሻዩ የታለ?»

«ረስቼው መጣሁ።»

«እንዲህ ነው ቅጣት የምትቀበዪው?»

 ጠራዧ እንደ ልጅነቷ ወለሉ ላይ፣ ከእህቷ እግር አጠገብ ተቀመጠች።

«አግብቶ ነበር?» አለች ታላቅየዋ።

«ባለቤቱ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው ብላለች የእህቱ ልጅ።»

«እሰይ። እኔን ብሎ ባዶ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ያን የሚያህል ሸክም አልችለውም።» ከዚያ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው። «እጥፋቷን አወጣሻት?»

«አላወጣኋትም። ትፈልጊያለሽ? አሁኑኑ ላንብብልሽ። መጽሐፉ ታች ነው።»

«ተይ።»

«እታለም፣ ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው የጠበቅሽው።»

«ለዚህ ነዋ። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አይደል? አንብበሽዋል። ሃያውንም መጨረሻ ስሠራ እዚህ ተቀምጠሽ እኔ ምን አውቄ ስትዪኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ከሃያው አንዱን እንኳ አግኝቼዋለሁ?»

ጠራዧ አሰበች። «አንዱንም።»

ታላቅየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ የረካች ትመስል ነበር። «ይህ ጸሐፊ ጎበዝ ነው። ቀያሹ መጨረሻው እኔ ጋ አለ ብሏል አይደል? እንግዲያው ከእሱ እሰማዋለሁ። ነገ ይመጣል አላልሽም?»

«በዚህ ሰዓት። እዚህ አመጣልሻለሁ፤ ቀስ ብለን እንወጣለን።»

«በምን እግሩ? አሥራ አራት እርከን ነው። እግር እንቢ ያለው ሰው ነው አላልሽኝም?»

«ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ እከፍትለታለሁ፣ ታች ይቀመጣል፣ አንቺ ከላይ...»

ያን ጊዜ ፀሐይዋ አፈገፈገችና መጭመቂያው ጮኸ። አጭር፣ ደረቅ።  ጠራዧ ቀድማ ወደ ደረጃው ዞረች፤ ጨለም ያለ የእንጨት እርከን፣ ከታች ደግሞ የሱቁ በር መስታወት ላይ የቀረች ብርሃን።

«አባባ» አለች ታላቅየዋ፣ ያለ ቀልድ። «ነገ በዚህ ሰዓት እንግዳ አለብን። ይበቃዎታል።»

ከዚያ እጇን ወደ ታች ዘርግታ የእህቷን ትከሻ ፈለገች፤ ስታገኘውም ተደገፈችበት፣ ክብደቱን እንደምትለካ።

«እኔን ለማውረድ ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል፣ ሚጢጢ?»

«እታለም፣ ዓመት ሙሉ አልወረድሽም።»

«ስንት ጊዜ ነው ያልኩሽ።»

«ግማሽ ሰዓት። እያረፍን።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ተኩል ላይ እንጀምራለን። ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አድርጊልኝ፣ እጄ እጀታው ላይ የሚደርስበት ቦታ። አንቺ ከጣውላው ጀርባ ትቀመጫለሽ፤ አፍሽን እንዳትከፍቺ። በሩን እንዳትነኪው።»

«እሺ።»

«ሲያንኳኳ እኔ ነኝ የምከፍትለት።»